የሚዜዬን እጅ አምኜ

ወሩ ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፤ ጎባ ላይ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚነጋው። ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ስለሆነው ጠመንጃ የሌለው ቤት አልነበረም። የኔ ቤልጅግ ነበር፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ። ሚዜዬ ደምሴ ከኔ የተሻለ ምንሽር ነበረው። መንገድ መሪያችን ኦቦ ሁሴን ግን ጦር ብቻ ነው የሚይዙት፤ ጠመንጃ ስንሰጣቸው እንኳ «ይከብዳል» ብለው ይመልሱልናል።

ቅዳሜ ሐረና ጫካ ልትወርዱ ነው አሉ፣ ከርከሮ ልትገድሉ። ጌታቸው አትሳቅ፣ ባለቤቴ ናት የነገረችኝ፤ ከሷ የሚደበቅ ነገር የለም። ግዴለም፣ ሂዱ፣ አልከለክላችሁም። ሁለታችሁም ከአዲስ አበባ ተመድባችሁ መጥታችሁ እኔ ግቢ ከተከራያችሁ ይኸው ዓመት ሊሞላችሁ ነው። ከአንድ ትሪ ስትበሉ አያለሁ፣ ትዋደዳላችሁ። እኔን የሚያሰጋኝ እሱ ነው። ስለዚህ ቁጭ በሉና ይቺን ስሙኝ። አንተ ዮሴፍ፣ ከወገብህ በላይ ወደ እኔ ነህ፣ እግርህ ግን ወደ በሩ ዞሯል። ቀጠሮ ካለህ አሁኑኑ ሂድ፤ መሀል ላይ እንድታቋርጠኝ አልፈልግም።

የለህም? እሺ።

ያኔ እኔ የበቅሎ ነጋዴ ነበርኩ። ከጎባ ጨው ጭኜ የሰነቴን ደጋ አቋርጬ ዶሎ መና እወርድና ቡና ይዤ እመለሳለሁ። ደምሴ ሮቤ ላይ ሱቅ ነበረው። አብረን ነው ያደግነው፣ አባቶቻችንም ከሰሜን አብረው የመጡ ናቸው። ሠርጌ ላይ ሚዜዬ እሱ ነው። የመጀመሪያ ልጄንም ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ሰባት ዓመት አብረን ስናድን አንድ ቀን «እንዴት ነው?» ተባብለን አናውቅም። ዱር ውስጥ ወሬ የለም፤ ወሬያችን በእጅ ነበር።

እስቲ ላሳያችሁ። ጭብጥ እጅ ወደ ላይ ከተነሣ «ቁም» ነው። መዳፍ ወደ መሬት ሲጫን «ዝቅ በል»። ሁለት ጣት ግንባር ላይ እንደ ቀንድ ሲቆም «ጎሽ»። ከኋላ ያለ ሰው ልብስህን ከጎተተ ምክንያቱን አትጠይቅም፣ ባለህበት ትደርቃለህ። አንዱ ደግሞ ይኼ ነው፣ እዩኝ፤ እጅ ይዘረጋል፣ መዳፉ ወደ ሰማይ ይከፈታል፣ ቀስ ብሎ ወደ አንተ ይገለበጣል። «ወድቋል፣ ና» ማለት ነው። ይቺን እኔና ደምሴ ነን የፈጠርናት፣ የመጀመሪያውን ነብር የገደልን ቀን። ሌላ አዳኝ አያውቃትም። ምልክት ከተሰጠ ደግሞ ክርክር የለም፣ ሕጋችን ነው። የሰው ነፍስ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እኔ በዚያ ዘመን ሰው አንባቢ ነኝ ባይ ነበርኩ። ለዚያ አደን ፈቃድ ማውጣት ነበረብን፣ ጎሽ ያለ ወረቀት አይነካም። ጎባ ያኔ እንደዛሬው የጠቅላይ ግዛት ከተማ ሳትሆን የአውራጃው ዋና ከተማ ነበረች፤ አገሩ ሁሉ ደጅ ሊጠና የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ነገ ኑ» አለ። ደምሴ ባርኔጣውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል እጁን ያዝኩት። ጸሐፊው አፉ «ነገ» ይበል እንጂ ግራ እጁ የመሳቢያውን እጀታ ይዟል፤ ማኅተሙ ያለው እዚያ ነው። ነገ የሚያስመጣን ሰው መሳቢያ ምን ያደርግለታል? ዝም ብለን ቆምን። ትንሽ ቆይቶ ተነፈሰና ማኅተሙን አወጣ። በረንዳው ላይ ስንወጣ ደምሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ ጠንቋይ ነህ!» አለኝ።

ይኼን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ አይደለም። የማላውቀውን ጸሐፊ እንዲያ ያነበብኩ ሰውዬ የሚዜዬን ገላ አላነበብኩም። አላየሁም እንዳልል አይቻለሁ። የምንወደውን ሰው ግን አይተን እናልፈዋለን፤ እንደ ቤታችን ግድግዳ ነው፣ መቼ እንደተሰነጠቀ አናውቅም።

የሄድንበት ምክንያት ይኼ ነው። ሪራ አካባቢ አንድ ብቸኛ ጎሽ ማር ቆራጭ ወግቶ ገድሎ ነበር። ኦቦ ሁሴን የሪራ ሰው ናቸው፤ ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል፤ ጫካው ውስጥ የሰቀሉት ቀፎ ስንት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም። በበቅሎ ሳልፍ የማድረው እሳቸው ቤት ስለነበር «ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ኑልን» ብለው ላኩብኝ። እውነቱን ለመናገር የማር ቆራጩ ሞት ብቻ አይደለም ያስነሣን። ጎሽ የገደለ ሰው ያኔ ሌላ ሰው ነው። ራሱ ቅቤ ይቀባል፣ «ገዳይ!» ተብሎ ይፎከርለታል፣ ሸንጎ ላይ ሲገባ ይነሡለታል። ወጉ ደግሞ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ሰው፣ ማንም ይጨርሰው ማን፣ ግዳዩ የሱ ነው። ደሙን ተከትሎ ከፊት የሚገባውም እሱው ነው። ሥርዓት አፍርሶ የገባ ግን ግዳዩን ያጣል።

በፈረስ ወጣን። ሰነቴ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ ጅብራው ብቻ ነው የቆመ ነገር። ደምሴ የኮርቻውን መቀነቻ ሦስት ጊዜ ወርዶ አጠበቀ። አልላላም ነበር፣ ራሴ ነኝ ጠዋት ያሰርኩት። ለምሳ ወርደን በሶ ስንበላ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። «በረደህ?» አልኩት። «አዎ፣ አዎ» አለኝና ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ሪራ ደርሰን ኦቦ ሁሴን ደጃቸው ላይ ሲቀበሉን፣ ደምሴ ሰላም ሳይጨርስ የጠየቃቸው «ይኼ ጎሽ ምን ያህል ይሮጣል?» ብሎ ነው።

ኦቦ ሁሴን አዩት። ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ቀስ ብለው። ከዚያ «ከፈረስህ ይሮጣል» አሉትና ወደ ቤት አስገቡን።

የደምሴ ሚስት ሦስተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ደርሳ ነበር። ይኼን የምነግራችሁ በኋላ ሰው ሁሉ ስለነገረኝ ነው። እኔስ? ልጆች አልነበሩኝም?

በማግስቱ ከሪራ ወደ ታች ወረድን። የአስታው ቁጥቋጦ አለቀና ቀርከሃ ገባን፣ ቀርከሃው አለቀና ትልልቁ ዛፍ ጀመረ፣ ግንዱ ሁሉ ጢም ያበቀለ። ሐረና ውስጥ ጉሙ ከታች ነው ወደ ላይ የሚመጣው። ይመጣና ይሸፍንሃል፣ አሥር እርምጃ አታይም። ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ቅጠሉ ሁሉ ታጥቦ ይቀርብሃል። ኦቦ ሁሴን ዱካውን ያገኙት አንድ ምንጭ አጠገብ ነው። የእንጀራ ምጣድ አከለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሾርባ ሳህን ያህላል። ጠርዙ ስለታም ነው፣ ውስጡ ጤዛ የለም። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ከተቱበትና ሁለት ጣት ግንባራቸው ላይ አቆሙ። ፋንድያው ይሞቅ ነበር።

ረፋድ ላይ አገኘነው። አንድ ገላጣ ቦታ ጫፍ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፣ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ጭቃ የደረቀበት። ደምሴ ከግራዬ ነው። ለምልክት እጁን እስኪያነሣ ጠበቅሁት፤ አላነሣም። ምንሽሩ ትከሻው ላይ ነው፣ ጣቱ ግን ከምላጩ ውጭ ተዘርግቷል። እኔ ተኮስኩ።

ጎሹ ደነገጠ፣ ጀርባውን ነቀነቀ፣ ጥሻውን ሰንጥቆ ገባ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን፣ ከዚያ ዝም አለ።

ደሙን አየነው፤ ጠቆር ያለ፣ አረፋ የሌለው። ሳንባ አልመታሁም፣ ሆዱን ነው። ኦቦ ሁሴን ምላሳቸውን መቱብኝ። ዱር ውስጥ ካሰሙት ድምፅ ሁሉ እሷ ናት የከበደችኝ። ሆዱ የተመታ ጎሽ አይሸሽም፤ የራሱን ዱካ ዞሮ ይመጣና ከጎኑ ተደብቆ የሚከተለውን ይጠብቃል። ስለዚህ ቁጭ አልን። ጉም መጣ፣ ሸፈነን፣ ሄደ። ሌላ መጣ፣ ሄደ። ደምሴ ያቺን ያህል ጊዜ ሁሉ አንዴም ወደ እኔ አላየም፤ የዝናሩን ኪስ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ኦቦ ሁሴን መሬቱ ላይ በእንጨት ሥለው አሳዩን። ጥሻው ትንሽ ናት፣ የአንድ ቤት ግቢ አታክልም። በላይ በኩል የወደቀ ትልቅ የኮሶ ግንድ አለ፤ እዚያ ላይ የወጣ ሰው ውስጧን ቁልቁል ያያል። ደምሴ በላይ ዞሮ ግንዱ ላይ እንዲወጣ፣ እኔ ደሙን ይዤ ከታች እንድቆም፣ ኦቦ ሁሴን ከኋላዬ እንዲሆኑ ተስማማን። ደምሴ ካየው ሁለት ጣት ግንባሩ ላይ ያቆማል፤ እኔ ባለሁበት እጠብቃለሁ፣ እሱ ከላይ ይተኩሳል። ወድቆ ካገኘው ደግሞ ያቺን የኛን ምልክት ይሰጠኛል። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

ደምሴ ሄደ። ብዙ ቆየ። ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይዋ ግንዱ ላይ ስታርፍ ጭንቅላቱ ብቅ አለ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ቆመ። ከኔ አርባ እርምጃ ቢርቅ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ቆጥሬ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ሦስተኛው ተበጥሶ ነበር። ጉም የለም ማለቴ ነው። ይኼን ያዙልኝ።

ቁልቁል ወደ ጥሻው አየ። ደረቀ። ቀኝ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ወደ ሰማይ ተከፈተ፣ ቀስ ብሎም ወደ እኔ ተገለበጠ።

ወድቋል፣ ና።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጎሽ ገደልኩ! ጠመንጃዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ያን ጊዜ አየሁት፤ እግሩን። ግንዱ ላይ የቆመው ደምሴ ከወገቡ በላይ ወደ ጥሻው ነው፣ እጁ እኔን ይጠራል፣ እግሩ ግን ሁለቱም ወደ ላይ ወደ ሪራ ዞሯል። የቀኝ ተረከዙ ተነሥቷል፣ ጉልበቱ ታጥፏል፣ የተገተረ ነገር ሊፈታ ሲል እንደሚሆነው። የሞተ ጎሽ ያየ አዳኝ እግሩ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ጎሹ! ይዘላል፣ ይሮጣል፣ ጭራውን ሊይዝ ይሽቀዳደማል። ይኼ ሰውዬ ግን ሊሸሽ ተዘጋጅቶ ነው «ና» የሚለኝ።

አየሁ እላችኋለሁ። ያንን የጸሐፊውን እጅ እንዳየሁት ቁልጭ አድርጌ አየሁ። ልቤ ውስጥ ግን «ደምሴ ነው» የሚል ነገር ነበርና አለፍኩት።

አንድ እርምጃ ስሄድ የካፖርቴ ኮሌታ ከኋላ ተያዘ። ኦቦ ሁሴን ናቸው። «ሚለ ኢሳ ኢላሊ» አሉኝ፣ በትንፋሽ። እግሩን እይ፣ እግሩን። ዱር ውስጥ ቃል ተናግረው የማያውቁ ሰው ተናገሩ! ሕጋችንን ታስታውሳላችሁ፣ ልብስህ ከተጎተተ ትደርቃለህ። እኔ ግን ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ትከሻዬን ነቅንቄ እጃቸውን ጣልኩት። ሚዜዬ እየጠራኝ የሪራ ማር ቆራጭ ይከለክለኛል? ይኼን አሰብኩ። ዛሬም ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን አስቤዋለሁ።

የሞተ ነገር ጋ እንደሚሄድ ሰው ነው የሄድኩት፤ ቅርንጫፍ እየሰበርኩ፣ እያፏጨሁ ሁሉ ይመስለኛል። አምስት፣ ስድስት እርምጃ። ጥሻው ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ዞረ። ፊቱ ወደ ላይ፣ ወደ ደምሴ ነበር፤ ቆሞ እሱን ነበር የሚያየው። የኔን ኮቴ ሲሰማ ነው የዞረው። ዓይኑን አየሁ፤ እርጥብ ነው፣ ቀይ ነው ቢሏችሁ አትመኑ፣ እንደ ማንኛውም በሬ ዓይን ነው። ጠመንጃዬን ሳላነሣ ደረሰብኝ።

ቀንዱ ታፋዬ ውስጥ ሲገባ አላመመኝም። ሰማዩ ከእግሬ በታች ሲሆን ትዝ ይለኛል። ስወድቅ ጎኔ ላይ ነው የወደቅኩት፣ ጎድኔ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማኝ። ተመለሰ። አፍንጫው ደረቴ ላይ ነበር፣ ትንፋሹ ሣር ሣር ይሸታል። ያን ጊዜ ኦቦ ሁሴን በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ጦራቸውን ጎኑ ላይ ሰክተውበት፣ ባዶ እጃቸውን እያወዛወዙ «ኮቱ! ኮቱ! ወደ እኔ ና!» ይሉታል። ጎሹ ወደሳቸው ዞረ፣ ጎኑን ለላይኛው ግንድ ሰጠ። ያኔ ደምሴ ተኮሰ። አንዱ ሳተ፣ ሁለተኛው ከትከሻው ኋላ ገባ። ጎሹ ኦቦ ሁሴን እግር ሥር ሊደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀረው በጉልበቱ ወደቀ።

ገባችሁ? ጎሹ ሲያየው ደምሴ ከፊቱ ነበር። ከፊት ቢተኩስ ግንባሩ እንደ ድንጋይ ነው፣ ጥይት ያንሸራትታል። ቢሮጥ ይደርስበታል። ዝም ቢል ይመጣበታል። የቀረው ዓይኑን የሚያዞርለት ሌላ ሰው ነበር። ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ። እጁን የዘረጋው ያቺን ብቻ አስልቶ ነው።

በቀርከሃ ቃሬዛ ሪራ አወጡኝ። ኦቦ ሁሴን ቁስሌን በማር ሞሉት፣ በጨርቅ ጠቀለሉት። ሰነቴን ተሸክመው ሲያሻግሩኝ ደምሴም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ከእግሬ በኩል። ሙሉውን መንገድ ፊቱን አላሳየኝም። ጎባ ስንገባ ግን ዜናው ቀድሞን ገብቶ ነበር። እልልታው ከሩቅ ይሰማኛል። «ጓደኛው ምልክት ሳይጠብቅ ዘሎ ገብቶ ሲወጋ፣ ደምሴ ጎሹን ከላዩ ላይ ገደለለት» ነው የሚባለው። ወጉን ነግሬያችኋለሁ። ሥርዓት ያፈረሰ ግዳዩን ያጣል። እሱ ቅቤ ተቀባ፣ እኔ አልጋ ላይ ተጋደምኩ።

ጎባ ድረስ አብረውኝ የመጡት ኦቦ ሁሴን ጎኔ ቁጭ ብለው «እኔ አይቻለሁ። እመሰክራለሁ» አሉኝ።

«ምን ብለው ይመሰክራሉ፣ ኦቦ? እጁን እንዲህ አደረገ ብለው?»

ቃል ቢሆን ሰው ይሰማዋል፣ ወረቀት ቢሆን ይታያል። ይቺን ምልክት ደግሞ ሸንጎ ላይ የሚያውቃት የለም። «እጄን ዘርግቼ ቁም አልኩት» ቢል ምን እላለሁ? ደግሞስ እንዴት ብዬ ነው ሸንጎ ላይ ቆሜ «ሚዜዬ ለጎሽ ሰጠኝ» የምለው? ታፋዬ ከሚያመኝ ይልቅ ይቺን ማሰብ ያመኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ደምሴ መጣ። ቅቤው ከፀጉሩ ወደ አንገቱ ይፈሳል። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ፣ ያንን ቀኝ እጁን። ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ቀስ ብዬ «አይተኸው ነበር» አልኩት።

«ጉም ነበር» አለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እግሩ ወደ በሩ ነበር።

አንዲት አክስቴ ከወዲያ ጥግ «እሱ ባይኖር ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን፤ አመስግነው እንጂ!» አለችኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አመሰገንኩት። «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አልኩት፣ ሰው ፊት፣ ከአልጋዬ ቀና ብዬ። ልጆች፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም። ጎሹ ሥጋዬን ነው የወጋው። ያቺ ምስጋና ግን እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለች።

ከዚያ በኋላ አደን ወጥቼ አላውቅም። የቀረልኝ አንዲት ልማድ ናት፣ ታውቃላችሁ፣ ትስቁብኛላችሁም። ሰው ሲያናግረኝ እግሩን አያለሁ። ገበያ ላይ «የመጨረሻ ዋጋዬ ነው» የሚል ነጋዴ ተረከዙ ሲነሣ እቆያለሁ። ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ሲምሉልኝ ጫማቸውን አያለሁ። ፊትን እናቶቻችን ያስተምሩናል፣ እጅን ጓደኛ ያስተምረናል፤ እግርን ያስተማረ ሰው አላየሁም። ከደምሴ ጋር በዓልና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፣ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን። ሰው ምንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን ቤቱ ገብቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ።

ከዚያ ደምሴን አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ እንደቆመ በሽታ መታው። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አንደበቱ ተዘጋ። ሚስቱ ሰው ላከችብኝ። «በዓይኑ በሩን ያያል፤ ያንተን ስም ስጠራለት ያለቅሳል። እባክህ ድረስለት» አለች። ፈረሴን ጭኜ ሮቤ ሄድኩ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ከስቶ፣ የማላውቀው ሽማግሌ ሆኖ። አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተጥሏል፣ አይሠራም። ግራ እጁን አነሣ። ዘረጋው። መዳፉ ወደ ጣሪያው ተከፈተ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተገለበጠ።

ያቺን ምልክት ዳግመኛ አያታለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እኔም የተማርኩትን አደረግሁ። እግሩን አየሁ። ብርድ ልብሱ ተገፎ ሁለቱም ወጥተዋል። የሞተው እንደወደቀ ነው። ደኅናው ግን ከአልጋው ወርዶ፣ ጣቶቹ ወለሉን እየዳበሱ፣ ወደ እኔ ሊመጣ ይታገላል። ዓይኑም፣ እጁም፣ እግሩም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ያን ያህል እውነት የተናገረ ገላ አይቼ አላውቅም። አነበብኩት፤ አንድም አልሳትኩም።

አልገባሁም። ባርኔጣዬን አነሣሁ፣ ለሚስቱ «እግዜር ይማረው» አልኩና ወጣሁ።

ከሮቤ ስወጣ መንገድ ላይ ኦቦ ሁሴንን አገኘኋቸው፣ አርጅተዋል፣ ገበያ ውለው ወደ ጎባ በእግራቸው ሲሄዱ። ከፈረሴ ወርጄ ሰላም አልኳቸው። ነገርኳቸው፤ እንደ ጀግንነት ነው የነገርኳቸው። «ጠራኝ፣ ያቺን ምልክት ሰጠኝ፤ እኔ ግን አልገባሁለትም። አበቃ፣ ከእንግዲህ ልቤ ዐረፈ» አልኳቸው።

ፊቴን አላዩም። ቁልቁል ወደ እግሬ አዩ፣ ረጅም ጊዜ። እኔም አብሬ አየሁ። ከሳቸው ጋር ወደ ጎባ ዞሬ ነበር የማወራው፤ ጫማዎቼ ግን ሁለቱም ወደ ሮቤ ዞረዋል።

አፍሬ ዘልዬ ፈረሴ ላይ ወጣሁና ወደ ጎባ ጋለብኩ። «ነገ እመለሳለሁ» አልኩ ለራሴ። በማግስቱ ፈረሱን ስጭን መርዶው መጣ።